የሐሩር ደን ዛፎችና ብናኝ አመላላሾቻቸው፦ ስለ እሳት እራት፣ ስለ ጢንዚዛ፣ ስለ ተርብና ስለ ሌሎችም

ደን ጠባቂ (የውይይቱ መነሻ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ስለ ደን ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው ዛፉን ነው፤ ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ፣ ስንት ሄክታር ተመነጠረ እንላለን። ዛፉ አብቦ ፍሬ እንዲይዝ የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ይህን ርእስ የከፈትሁት በሐሩር ደኖች ውስጥ ይህንን ሥራ ስለሚሠሩት ነፍሳት፣ በተለይም ሰው በተኛበት ሰዓት ስለሚሠሩት የእሳት እራቶች እንድንወያይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነፋስ ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ። በእኛ ደጋ ጥድና ዝግባ ብናኛቸውን ለነፋስ ይሰጣሉ፤ አንድ ዓይነት ዛፎች በብዛት አብረው በሚቆሙበት ስፍራ፣ ከተበተነው ውስጥ ጥቂቱ ከቦታው መድረሱ አይቀርም። በቆላማው የዝናብ ደን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በፓናማ፣ ባሮ ኮሎራዶ በተባለችው ደሴት በሚገኘው 50 ሄክታር የጥናት ቦታ ወደ 300 የሚጠጉ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ በቦርኔዮ ደሴት፣ በላምቢር ብሔራዊ ፓርክ ባለው 52 ሄክታር ደግሞ የዝርያዎቹ ቁጥር ከ1,000 ይበልጣል። ዝርያ እንዲህ በበዛበት ስፍራ የአንዱ ዝርያ ዛፎች ተራርቀው ይቆማሉና፣ ለማፍራት የደረሰ ዛፍ በዙሪያው ባለው አንድ ሄክታር ውስጥ መሰሉን ላያገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ነፋስ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ዝናቡም ብናኙን ከአየር ላይ አጥቦ ያወርደዋል። የዕፀዋት ተመራማሪው ካማልጂት ባዋ በ1970ዎቹ በኮስታሪካ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት ደግሞ፣ ከመረመሯቸው ዛፎች የሚበዙት በራሳቸው ብናኝ አያፈሩም፤ ብናኙ የግድ ከሌላ ዛፍ መምጣት አለበት። ጄፍ ኦለርተንና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ በሐሩር አካባቢ ከሚገኙት አባቢ ዕፀዋት 94 በመቶ ያህሉ ብናኛቸውን የሚያመላልሱላቸው እንስሳት ናቸው፤ በመካከለኛው የአየር ንብረት ቀበቶ ይኸው ድርሻ ወደ 78 በመቶ ዝቅ ይላል።

ከእነዚህ እንስሳት መካከል የእሳት እራቶችን ለይቼ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ስፊንክስ የሚባሉት ትላልቆቹ የእሳት እራቶች አበባው ላይ ሳያርፉ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ በአየር ላይ ቆመው፣ ረጅም መምጠጫቸውን ዘርግተው ቅስሙን ይጠጣሉ። በአንድ ሌሊት ሩቅ መጓዝ ስለሚችሉ ተራርቀው ለቆሙ ዛፎች የሚስማሙ ናቸው። እነርሱን የሚጠብቅ አበባም ጠባዩ ይታወቃል፦ ነጭ ወይም ገርጣ ያለ ነው፤ ሲመሽ ይከፈታል፤ ሽታው ጣፋጭና ብርቱ ነው፤ ቅስሙም በጠባብና ረጅም ቱቦ ሥር የተቀመጠ ነው። በ2002 የታተመ ሙከራ እንዳረጋገጠው፣ ከስፊንክሶቹ አንዱ ዝርያ በከዋክብት ብርሃን ብቻ እንኳ ቀለምን ከቀለም ይለያል፤ የሰው ዓይን በዚያ ጨለማ ውስጥ ምንም ቀለም አያይም። ከስፊንክሶቹ ሌላ አበባው ላይ አርፈው የሚጠጡ አነስተኛ የእሳት እራቶች አሉ፤ እነዚህ ደቃቅ አበባቸውን በብዛት የሚያወጡ ዛፎችን ይጎበኛሉ።

ባኦባብ የሚባሉት ግንደ ወፍራም የማዳጋስካር ዛፎች ለዚህ ግሩም ምሳሌ ናቸው። በደሴቲቱ ላይ ብቻ ከሚገኙት ስድስት ዝርያዎች ሁለቱ፣ ግራንዲዲየሪና ሱዋሬዘንሲስ የሚባሉት፣ አጭርና ሰፊ አበባ ኖሯቸው በሌሊት ወፎችና ሌሙር በሚባሉት ጦጣ መሳይ የደሴቲቱ እንስሳት ሲጎበኙ፣ የተቀሩት ግን ረጅም ቱቦ ያለው አበባ አውጥተው መምጠጫው የሚረዝመውን ስፊንክስ ይጠብቃሉ። በአንድ ደሴት ላይ የሚኖሩ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች በአመላላሾቻቸው ምክንያት የአበባቸው መልክ ተለያይቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። የእሳት እራቱ አበባ የሚጎበኘው ካደገ በኋላ ነው። አባጨጓሬ ሳለ የሚበላው ቅጠል ግን የዚያ ዛፍ ቅጠል ላይሆን፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሐረግ ወይም ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል። በኮስታሪካ የጓናካስቴ ደረቅ ደን ብዙዎቹ የእሳት እራቶች የደረቁን ወቅት በዚያው አያሳልፉም፤ ወደ ምሥራቅ ተሻግረው በተራራውና በእርጥቡ ደን ቆይተው በዝናብ ይመለሳሉ። የሥነ ምኅዳር ሊቁ ዳንኤል ጃንዘን የጥበቃው ክልል ደረቁን ደን ከእርጥቡ ጋር አያይዞ እንዲሰፋ ሲከራከሩ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ጉዞ ነበር፤ የተያያዘው ክልልም በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ አጥር አጥረን ዛፉን ብናድነው፣ አመላላሹ ያደገበት ስፍራ ከጠፋ፣ ዛፉ ቆሞ ዘር አልባ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የምታውቁትን እንድታካፍሉን በአክብሮት እጠይቃለሁ።


የጓሮ አትክልተኛ፣ አርባ ምንጭ

ስለ ጥሩው ጽሑፍ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ደን የለኝም፤ በጓሮዬ ግን ጥቂት የፓፓያ ዛፎች አሉኝ። አንዳንዶቹ አበባቸው በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይረግፋል፣ ምንም ፍሬ አይሰጡም፤ ጎረቤቶቼም «ወንዴ ነው፣ ቁረጪው» ይሉኛል። ወንዴዎቹን የቆረጡ ሰዎች ግን ሴቴዋም አበባዋን ማርገፍ ጀመረች ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። እኔ በቀን ዛፉ ላይ ብዙ ነፍሳት ሲያርፉ አላይም። ይህ ነገር እርስዎ ካነሡት ጋር ይገናኝ ይሆን? እባክዎን ያስረዱኝ።


ደን ጠባቂ

እህቴ፣ በሚገባ ይገናኛል፤ ጥያቄዎ ጉዳዩን ከማዳጋስካር ወደ ጓሯችን ስላመጣልን አመሰግናለሁ።

ፓፓያ በመነሻው የመካከለኛው አሜሪካ ተክል ነው። ወንዴና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ በሚሆንበት ዝርያ ወንዴው ብዙ፣ ቀጭንና ቱቦ መሳይ አበባ በረጅም ዘንግ ላይ ያወጣል፤ አበባው ይሸታል፣ ቅስምም አለው። ሴቴዋ ግን ጥቂትና ተለቅ ያለ አበባ ከግንዷ አጠገብ ታወጣለች፤ በአበባዋ ውስጥ ቅስም የለም። ታዲያ የእሳት እራቱ ለምን ይጎበኛታል? ኸርበርት ቤከር የተባሉት ሊቅ በ1976 እንዳብራሩት፣ በምሽት ብርሃን ወንዴው መስላው ይቀርባታል፤ ምንም እንደሌላት እስኪያውቅ ድረስ ከወንዴው ይዞት የመጣው ብናኝ በሴቴዋ አበባ ጫፍ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የወንዴው ዛፍ ሥራ ብናኝ መስጠት ብቻ አይደለም፤ የእሳት እራቱን ወደ ጓሮው የሚጠራው ቅስምም የእርሱ ነው። ወንዴዎቹ ሁሉ ሲቆረጡ ብናኙም ጎብኚውም አብረው ይጠፋሉ፤ የጎረቤቶችዎ ሴቴ አበባ የረገፈውም በዚህ ይመስለኛል። ወንዴና ሴቴው በአንድ አበባ ላይ የሆነለት የፓፓያ ዓይነት ግን በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ ይህ ችግር አያገኘውም።

ከዚህም በላይ የሚነካን ነገር አለ። ዲኖ ማርቲንስና ስቲቨን ጆንሰን በኬንያ የፓፓያ እርሻዎችን አጥንተው በ2009 እንዳሳተሙት፣ ፓፓያውን የሚያገለግሉት ስፊንክሶች ናቸው፤ የጉብኝቱም መጠን የተፈጥሮ ቁጥቋጦና ደን ለእርሻው ባለው ቅርበትና በደኅንነቱ ይወሰናል። ፓፓያው ከአሜሪካ መጣ፤ የሚያመላልሱለት ግን የአፍሪካ የእሳት እራቶች ሆኑ፣ እነርሱም የሚያድጉት በእርሻው ዳር ባለው ዱር ነው። ስለዚህ ለአሥር ያህል ሴቴ ዛፍ አንድ ወንዴ ይተዉ፤ በአጥርዎ ላይ ያለውንም ሐረግ ሁሉ አይመንጥሩት። በአፍሪካ ከሚታወቁት ስፊንክሶች የአንዱ አባጨጓሬ የሚያድገው በስኳር ድንችና በዘመዶቹ ሐረጎች ቅጠል ላይ ነው። ሲመሽ ከወንዴው ዛፍ አጠገብ ጸጥ ብለው ቢቆሙ፣ በቀን ያላዩአቸውን ጎብኚዎች ያዩ ይሆናል።


ንብ አናቢ፣ ቦንጋ

ጽሑፉን በጥሞና አነበብሁት፤ አንድ ነገር ግን ልከራከር። እኛ በከፋ ደን ውስጥ የምንኖር ሰዎች የንብን ሥራ በዓይናችን እናያለን። ገተሙ ሲያብብ ንቡ ነጩን ማር ይሰጣል፤ ብሳናው፣ ዶቅማው፣ ግራዋው በየወቅቱ ይጎበኛል፤ ቡናው ከዝናብ በኋላ ባንድ ጊዜ ፈክቶ ደኑ ሁሉ ነጭ ሲሆን ንቡ ከማለዳ ጀምሮ ከአበባው ላይ አይነሣም። በየዛፉ ላይ ቀፎ እስከሰቀልን ድረስ ደኑ የብናኝ አመላላሽ የሚያጣ አይመስለኝም። ስለ እሳት እራትና ስለ ጢንዚዛ ከመጨነቅ ይልቅ ንብ ማነብን ብናስፋፋ ደኑም ገበሬውም ይጠቀማል እላለሁ። ለደን ቅርብ የሆነ ቡና የተሻለ እንደሚያፈራ አባቶቻችንም ይናገራሉ።


የዕፀዋት ተማሪ

ጋሼ፣ ስለ ቡናው የተናገሩትን ጥናትም ይደግፍልዎታል። የእኛ ዓረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ ማፍራት የሚችል ነው፤ ያም ሆኖ ንብ ሲጎበኘው የበለጠ ያፈራል። ቴይለር ሪኬትስና ባልደረቦቻቸው በኮስታሪካ በአንድ ሰፊ የቡና እርሻ ላይ ባደረጉትና በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከደኑ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ቡና 20 በመቶ ያህል የላቀ ምርት ሰጥቷል፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር መሆን ሲገባው አንድ ዘር ብቻ የሚይዘው ጉድለትም በ27 በመቶ ቀንሷል። በጎኑ ያሉት ሁለት የደን ቁራጮች ለዚያ አንድ እርሻ በዓመት 60,000 ዶላር ያህል ጥቅም እንደሚሰጡም አስልተዋል። ልብ ይበሉ፣ ልዩነቱን ያመጡት የቀፎ ንቦች ብቻ አልነበሩም፤ ከደኑ የሚመጡት የዱር ንቦች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት የተደረገ ሌላ ጥናትም፣ ቡናውን የሚጎበኙት የንብ ዝርያዎች ሲበዙ ፍሬ የሚይዘው አበባ ከ60 በመቶ አካባቢ ወደ 90 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ነገር ግን «ቀፎ እስካለ ድረስ ደኑ ይበቃዋል» በሚለው አልስማማም፤ በአክብሮት ምክንያቴን ልግለጽ። የማር ንብ በሌሊት አይሠራም፤ ምላሱም በረጅም ቱቦ ሥር ካለው ቅስም አይደርስም። የአማዞን ደን ትልቁን ዛፍ፣ የብራዚል ለውዝ የሚባለውን እንመልከት፤ አበባው በወፍራም ክዳን የተዘጋ ስለሆነ ክዳኑን ገፍተው የሚገቡት ግንድ ሰርሳሪና መሰል ትላልቅ የዱር ንቦች ብቻ ናቸው። የካካዎን አበባ የሚያገለግሉት ደግሞ ከጤፍ ቅንጣት ብዙ የማይበልጡ ትንኞች ሲሆኑ፣ የሚራቡት በደኑ ወለል ላይ በሚበሰብስ ቅጠልና የፍሬ ልጣጭ ውስጥ ነው። እነዚህን ዛፎች በቀፎ ብዛት መርዳት አይቻልም።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የዘይት ዘንባባ ታሪክ ነው። ዛሬ በብዙ ቤታችን የምንጠቀመው የፓልም ዘይት የሚገኘው ከምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ደን ከመጣ ዛፍ ነው። ዛፉ ወደ ማሌዥያ ተወስዶ በሰፊው ሲተከል ፍሬው እንደሚገባው አልያዘም፤ ለረጅም ጊዜ በነፋስ የሚራባ ዛፍ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ሠራተኞች ብናኙን በእጃቸው በየአበባው ላይ ይነፉ ነበር። ራህማን ሰይድ የተባሉት የነፍሳት ተመራማሪ ወደ ካሜሩን ሄደው ሲመረምሩ፣ በዛፉ የትውልድ አገር ይህንን ሥራ የሚሠራው አንዲት ትንሽ ነቀዝ እንደሆነች አረጋገጡ። ነቀዟ በወንዴው የአበባ ዘለላ ላይ ትራባለች፤ ሴቴው ዘለላ ተመሳሳይ ሽታ ስለሚያወጣ ብናኙን ተሸክማ ወደ እርሱም ትሄዳለች። ሌላ ተክል እንደማትጎዳ ከተመረመረ በኋላ በ1981 በማሌዥያ ተለቀቀች። በአጭር ጊዜ ውስጥ አገሩን አዳረሰች፤ ፍሬውም ጨመረ፤ በእጅ መንፋቱም ቀረ። ዛፉን ከደኑ ነቅለው ሲወስዱት አመላላሹን ስለተዉአት፣ ያን ያህል ዓመት የብዙ ሰው ጉልበት ጠየቀ።

በዚያው በማሌዥያ ያለው የተፈጥሮ ደንም የሚደንቅ ነው። የዲፕተሮካርፕ ቤተሰብ ግዙፍ ዛፎች በየዓመቱ አያብቡም፤ ከሁለት እስከ አሥር በሚደርሱ ዓመታት ልዩነት፣ ጊዜው በውል ሳይታወቅ፣ ብዙዎቹ በአንድ ወቅት ያብባሉ። ታዲያ ይህን ያህል አበባ ባንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ነፍሳት ከየት ይመጣል? በማሌይ ልሳነ ምድር በሚገኘው ፓሶ ደን ከዚህ ቤተሰብ ሾሪያ በሚባለው ወገን ላይ ተደርገው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ ጥናቶች መልሱ ትሪፕስ ነው አሉ፤ የአበባና የሽንኩርት አምራቾቻችን በተባይነት የሚያውቋት ያች ደቃቅ ነፍሳት ዘመዶች ናቸው። ትሪፕሶቹ በእምቡጦቹ ውስጥ በፍጥነት ይራባሉ፤ አበባው ሲረግፍ አብረው ወደ መሬት ይወርዳሉ፤ ሲመሽ ብናኝ እንደያዙ ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ከጊዜ በኋላ ግን በቦርኔዮው ላምቢር ደን፣ በ1996 ዛፎቹ ባበቡ ጊዜ የተመለከቱ ተመራማሪዎች፣ የዚያው የሾሪያ ወገን ዛፎችን በዋናነት የሚጎበኙት ጢንዚዛዎች ሆነው አገኙአቸው። የአንድ ወገን ዛፎች በሁለት ደን በሁለት የተለያዩ ነፍሳት ይገለገላሉ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ስፍራ የተገኘውን መልስ ለሁሉም ደን መስጠት አይገባም፤ የከፋው ደን መልስም የሚገኘው በከፋ ደን ውስጥ ሌሊትም ቀንም በመመልከት ነው።


አንባቢ ከሃይፋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ በእስራኤል በባሕሩ ዳርቻ ያረጁ የሾላ ዛፎች አሉ። እናቴ ከጎንደር ስትመጣ ዛፉን አይታ ወዲያው አወቀችው፤ ፍሬውን ስትከፍተው ግን «በአገራችን ያለው ዘር አለው፣ የዚህ ዘሩ የት ሄደ?» አለች። ለብዙ ጊዜ መልስ አላገኘሁላትም። ዛፉ ያው ከሆነ ፍሬው ለምን ተለየ? ነፍሳትን በሚመለከት ከሆነ እባካችሁ አብራሩልኝ።


ደን ጠባቂ

ወንድሜ፣ እናትዎ ያዩት ነገር ትክክል ነው፤ ምክንያቱም የአንዲት ተርብ መኖርና አለመኖር ነው።

የሾላ፣ የዋርካና የዘመዶቻቸው አበባ ውጭ አይታይም፤ ፍሬ የምንለው ኳስ በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ አበቦችን የያዘ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ከ700 የሚበልጡ የዚህ ወገን ዝርያዎች አብዛኞቹ የየራሳቸው ተርብ አላቸው። የሾላዋ ተርብ ሴራቶሶለን አራቢኩስ ትባላለች፤ ርዝመቷ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንስቷ በፍሬው አፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይሰበራል፤ በውስጥ በአንዳንዶቹ አበቦች ላይ እንቁላሏን እየጣለች፣ በደረቷ ላይ ባሉ ኪሶች ይዛ የመጣችውን ብናኝ በአበቦቹ ላይ ታኖራለች፤ ከዚያም በዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ሲያድጉ ክንፍ የሌላቸው ወንዶቹ መውጫ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ እንስቶቹ ኪሳቸውን በአዲስ ብናኝ ሞልተው ሌላ ሾላ ፍለጋ ይወጣሉ።

ሾላ ከጥንት ጀምሮ በግብፅና በምድረ እስራኤል በቅርንጫፍ እየተተከለ ኖሯል፤ ይህች ተርብ ግን በዚያ የለችም። በእስራኤል ወደ ፍሬው የምትገባው ሌላ ተርብ ናት፤ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ብናኝ አታደርስም። ስለዚህ ዘር አይገኝም። ያዕቆብ ጋሊልና ዳን አይዚኮቪች በ1960ዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ሄደው እውነተኛዋን ተርብ በሥራዋ ላይ ተመለከቱ፤ ብናኙን በኪሷ እንደምትይዝም ያሳወቁት እነርሱ ናቸው። የጥንት ገበሬዎች በበኩላቸው ፍሬው ቶሎ እንዲበስልና በውስጡ ነፍሳት ሳያድጉ እንዲበላ በቢላዋ ይሰነጥቁት ነበር።

ስለዚህች ተርብ አንድ ተጨማሪ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በናሚቢያ በረሃ፣ በኡጋብ ወንዝ ዳር ተራርቀው የቆሙ የሾላ ዛፎች የዘር ምርመራ ተደርጎላቸው ነበር፤ በ2009 በታተመው ውጤት ብናኝ እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ ተጉዞ ተገኝቷል። ዕድሜዋ ከሁለት ቀን የማይበልጥ ተርብ በነፋስ ተሳፍራ ያን ያህል መንገድ ትሻገራለች። የእኛ አገር ሾላና ዋርካ በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በየወንዙ ዳር ለብቻው ቆሞ ሳለ ዘር የሚይዘውም በዚህች ተርብና በእኅቶቿ ነው።

የእሳት እራቶችም እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን የሚመስል ሥራ አላቸው። በእስያ ሐሩር ደኖች የሚበቅለው ግሎኪዲዮን የተባለው ዛፍ ኤፒሴፋላ በምትባል ትንሽ የእሳት እራት ይገለገላል። ማኮቶ ካቶና ባልደረቦቻቸው በ2003 እንዳሳተሙት፣ እንስቷ ብናኙን በመምጠጫዋ ሆን ብላ ትሰበስባለች፤ ከዚያ በሴቴው አበባ ላይ ታኖረውና እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች። ልጇ ከዘሮቹ ጥቂቱን በልቶ ያድጋል፤ የተረፈው ለዛፉ ይቀራል።


ንብ አናቢ፣ ቦንጋ

ልጄ የዕፀዋት ተማሪ፣ ስለ ዘይት ዘንባባው የጻፍኸው አሳመነኝ፤ ስለ ቀፎው ያልሁትን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውም። ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉ እንዲቆረጥ አይፈቅድም፤ ዛፉ ከቆመ ሌሎቹም ነፍሳት ማደሪያ ያገኛሉ። ማሩ ገበሬውን ከደኑ ጋር የሚያስተሳስረው ገመድ ነው፤ ይህ ገመድ ከተበጠሰ ስለ እሳት እራቱ የሚያስብ አይኖርም። ለመሆኑ እኛ በእጃችን ልናደርገው የምንችለው ምን አለ?


የዕፀዋት ተማሪ

ጋሼ፣ ማሩ ደኑን ያስጠብቃል በሚለው ከልቤ እስማማለሁ፤ እኔ የምቃወመው ቀፎውን በደኑ ምትክ ማስቀመጡን ብቻ ነው። በእጃችን ያለው ብዙ ነው። የቡና ጥላ ሲመረጥ ለንብ የሚሆኑት ዛፎች ብቻ ቀርተው ሌላው ሁሉ ሲመነጠር፣ የአባጨጓሬው ምግብ የሆኑት ሐረጎችና ቁጥቋጦዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በየእርሻው ዳር ያልተመነጠረ ጥቂት ስፍራ መተው ያስፈልጋል። የወደቀውን ቅጠልና የበሰበሰውን ግንድ ጠርጎ ማቃጠል ትንኙንና ጢንዚዛውን ማጥፋት ነው። መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነም አበባው በፈካበት ሰሞን መሆን የለበትም፤ በምሽት የሚረጭ መድኃኒት ንቡን ቢያድን የእሳት እራቱን እንደሚያገኘውም ማስታወስ ይገባል። በደን ዳር ባሉ ከተሞች ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራትም የእሳት እራቶችን ከአበባ ላይ ስቦ ይወስዳል። በስዊዘርላንድ በመስክ ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ሙከራ፣ መብራት በተተከለበት ቦታ የሌሊት ነፍሳት ጉብኝት በ62 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል፤ በቀን የሚመጡት ነፍሳትም ጉድለቱን መሙላት አልቻሉም። እርስዎ ቀፎ ለማየት በማለዳ ወደ ደን ይወጣሉና፣ ገተሙና ዶቅማው በሚያብቡበት ወቅት አንድ ምሽት ቆይተው በአበባው ላይ ያዩትን ቢጽፉልን፣ ከዚህ መድረክ አንባቢዎች ብዙዎቻችን ያላየነውን ያሳዩናል።